አንድ ቀን በሁለት ሐይቆች፤ አርዲቦና ሐይቅ

አንባቢ ሆይ፤ የወደብ ከተማ ጎብኝቶ፥ በመርከብም ተሳፍሮ ለመንሸራሸር ብዙ ሀብት ያስፈልጋል። ሁለት ሐይቅ ለማየት ግን ደመወዝተኛ መሆን ይበቃል። በቅርቡ የተጋባችሁ ወይም የተጫጫችሁ እንደ ሆነ፥ ከወር ወጪያችሁም ጥቂት ገንዘብ ከተረፈቻችሁ፥ ባሕር የለንም ብላችሁ አትዘኑ፤ ፊታችሁን ወደ ወሎ አዙሩ።

ከደሴ ተነሥታችሁ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ። አገሩ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት ነውና፥ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። አብዛኛው መንገደኛ በከተማው አጠገብ ያለውን ሎጎ ሐይቅ ዐይቶ ይመለሳል። እናንተ ግን ቀኑን በአርዲቦ ጀምሩት።

አርዲቦ ከሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ፥ በኮረብታዎች መካከል የተኛ ውሃ ነው። ከታችኛው ሐይቅ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ጎብኝም አይበዛበትም። በማለዳ ነፋሱ ሳይነሣ ድረሱ፤ ያን ጊዜ ተራራው በውሃው ላይ ተገልብጦ ይታያል። ዓሣ አጥማጆች ካገኛችሁ ሰላምታ ስጡ፤ በጀልባቸው ሊያንሸራሽሯችሁ ከፈቀዱም ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ። ውሃው ገር መስሎ አያታልላችሁ፤ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር በላይ ነው። በጀልባ ላይ መቆም፥ መገፋፋትና «ዋና ዐውቃለሁ» ብሎ ለእጮኛ መፎከር የሚያስከትለው መዘዝ ከባድ ነው።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ከአርዲቦ የሚተርፈው ውሃ አንከርካ በሚባለው ወንዝ ወርዶ ወደ ታችኛው ሐይቅ ይገባል። ታችኛው ሐይቅ ግን በምድር ገጽ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ የተቀበለውን ውሃ የሚወስድበት በይበልጥ ፀሐይ ነው። በወንዙ ዳር ያለው ገበሬ ውሃውን ጠልፎ እርሻውን ያጠጣበታል፤ ልጆቹንም የሚያበላው በዚሁ ነውና ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ቢሆንም ከላይ የተቀነሰው ሁሉ ከታች መጉደሉ አይቀርም። ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው።

የውሃው መጠን ከዘመን ወደ ዘመን እንደሚለዋወጥ ለመረዳት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አገራችንን ሲጎበኝ ገዳሙ ያለው በደሴት ላይ ነበር። በ1531ም የኢማም አሕመድ ሠራዊት ገዳሙን ለመያዝ በውሃ ላይ መሻገሪያ ማዘጋጀት አስፈልጎት ነበር። ዛሬ ግን ያ ደሴት ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ሰው በእግሩ ይገባበታል።

ምሳችሁን በሐይቅ ከተማ ብሉ። ዓሣ ከቀረበላችሁ፥ ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ የአገሩ ተወላጅ አለመሆኑን ዕወቁ፤ ወደዚህ ሐይቅ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ከምሳ በኋላ ነፋሱ ካልበረታ በታችኛው ሐይቅ ላይ በጀልባ ተንሸራሸሩ። ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር፥ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ ነው። ጀልባው ወደ ገዳሙ ዳር ሲቀርብ በትምህርት ቤት የተማራችሁትን ታሪክ አስታውሱ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በዚህ ስፍራ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚህ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1270 የነገሡት ይኩኖ አምላክም የዚሁ ቤት ተማሪ እንደ ነበሩ በትውፊት ይነገራል። የገዳሙ አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚለው ማዕርግ ይጠሩ ነበር፤ በቤተ መንግሥትም ትልቅ ክብር ነበራቸው።

እዚህ ላይ ግን ሁለታችሁን የሚመለከት ጉዳይ ይመጣል። በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ሴት ወደ ውስጥ አትገባም። ብዙ ባል ይህን ሳያጣራ ይመጣና ሚስቱን ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ፥ እርሱ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ይሰወራል። እርሷም ዕቃ ጠባቂ ሆና ትቀራለች።

የአገሩ ሰው ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚያወራውን ይህ ባል ቢሰማ መልካም ነበር። በጥንት ዘመን ይህ ሁሉ ምድር የብስ ነበር፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ግፍ ተዋለባት፤ እግዚአብሔርም ስለ ግፉ ተቈጥቶ ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው፤ ልዕልቲቱም ጠፋች፤ የተገፋችዋ ሴት የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ሳይሰጥም ደሴት ሆነ ይባላል። እንግዲህ ትውፊቱ እንደሚለው ከሆነ፥ ወንዶች የሚጸልዩበት ያ መሬት የተረፈው ስለ አንዲት ሴት ሲባል ነው።

ይህን የምንጽፈው የገዳሙን ሥርዓት ለመንቀፍ አይደለም፤ የቤቱን ሕግ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። የምንናገረው ለባል ነው። ከቤታችሁ ሳትወጡ ተመካከሩ። እርሷ «ግባና ያየኸውን ንገረኝ» ካለች ግቡ፤ ቶሎም ተመለሱ። ዝም ካለች ግን ዝምታዋን እንደ ፈቃድ አትቍጠሩት። ገዳሙን ለሌላ ቀን፥ ከወንድ ጓደኞቻችሁ ጋር ለምትመጡበት ጊዜ አቈዩትና፥ አብራችሁ በሐይቁ ዳር በእግር ሂዱ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ደሴ የሚመለስ መኪና እንዳያመልጣችሁ ተጠንቀቁ። በመንገድም የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ምን ያህል ገንዘብ አወጣን?» አይሁን፤ «ከሁለቱ ሐይቆች የትኛውን ወደድሽው? አንተስ?» ተባባሉ። መልሳችሁ ባይስማማም ግድ የለም፤ እንደገና ለመምጣት ጥሩ ምክንያት ይሆናችኋል።