ዋስ በዕጣ አይገኝም

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ሰዎች ስለ አንተ ምን እንደሚያስቡ ለማወቅ ብትሻ የዕቁብን ሥርዓት ተመልከት። ዕጣ የወጣለት ዕቁብተኛ ገንዘቡን ከመረከቡ በፊት ዋስ አምጣ ይባላል፤ እስከ ዙሩ መጨረሻ መክፈል አለበትና። ዕጣው የዕድል ነው፤ ዋስ ግን በዕድል አይገኝም።

የመሥሪያ ቤት ባልደረባህን ዋስ ሁነኝ ስትለው የሚያስታውሰው ያማረ ልብስህን ወይም ዲፕሎማህን አይደለም። ለደመወዝ እመልሳለሁ ብለህ የወሰድኸውን ብር፥ በሦስት ሰዓት ብለህ በአራት ሰዓት መድረስህን፥ ለተላላኪው የሰጠኸውን ክፉ መልስ ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ነገር ነው፤ ተጠራቅሞ ግን ስም ይባላል።

እንግዲህ ዋስ የሚፈለገው በዕጣው ቀን ቢሆንም፥ የሚገኘው አስቀድሞ በየዕለቱ ነው። የሰው ብር በእጅህ ካለ፥ ሳትጠየቅ ዛሬውኑ መልስ።