የድሬዳዋ ልጅ በሞት ሸለቆ

ሙቀት አያስፈራኝም ብዬ ነበር የሄድኩት። ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ አሁን በምኖርባት ላስ ቬጋስም በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ማለፉ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ድንኳን ተክለን ለማደር ወደ ዴዝ ቫሊ ብሔራዊ ፓርክ ስንነሳ፣ የእሷ ሥጋት የአዲስ አበባ ልጅ ሥጋት መስሎኝ ነበር።

ዴዝ ቫሊ፣ በአማርኛ «የሞት ሸለቆ»፣ ከላስ ቬጋስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1994 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ሲሆን ስፋቱ ከ13 ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዝቅተኛው ሥፍራ ባድ ዎተር የሚባለው የጨው ሜዳ ከባሕር ወለል 86 ሜትር በታች ይገኛል። ዳሎልን ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። አፋሮች ጨውን በግመል እንደሚያጓጉዙት ሁሉ፣ እዚህም እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 1889 ቦራክስ የተባለውን ለሳሙናና ለመስታወት ሥራ የሚውል ማዕድን 18 በቅሎዎችና ሁለት ፈረሶች በሚጎትቱት ጋሪ እስከ ባቡር ጣቢያ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስዱት ነበር። እኛ ካደርንበት ፈርነስ ክሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1913 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ የዓለም ከፍተኛው ሙቀት ተብሎ ይጠቀሳል፤ ቁጥሩን የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች ግን አሉ።

ለምን እንዲህ ይሞቃል? ከፓስፊክ የሚነሳው እርጥበት ሸለቆው ጋ ለመድረስ በርካታ የተራራ ሰንሰለቶችን መሻገር አለበት፤ ዝናቡን እዚያው አራግፎ ደርቆ ይደርሳል። በዓመት የሚዘንበው 60 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ፀሐይዋ ራቁቱን መሬት ታግለዋለች። ወደ ላይ የወጣው ትኩስ አየር በግራና በቀኝ ያሉት ተራሮች ስለሚያግዱት ጥቂት ቀዝቅዞ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ ከላዩ ባለው አየር ክብደት ስለሚታመቅ እንደገና ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ፓምፑ እንዴት እንደሚግል ያውቃል፤ ነገሩ ያው ነው። የእኔ ትምክህት የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ድሬዳዋን ቆላ ብንላትም ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች።

የመጀመሪያው ሌሊት ውብ ነበር። መሬቱ ጠጠር ሆኖ ካስማው አልገባ ስላለን የድንኳኑን ገመዶች ከድንጋይ ጋር አሰርናቸው። በማግስቱ የእግር ጉዞውን የጀመርነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባለቤቴ ያለጀበናዋ የትም አትሄድም፤ በረካውን ካልጠጣሁ አልነሳም ያልኩት ግን እኔ ነኝ። የፓርኩ ምክር በሞቃቱ ወራት ዝቅተኛ ሥፍራዎች ላይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ በእግር አትጓዙ የሚል ነው። «ገና ሚያዝያ እኮ ነው» አልኳት።

ጎልደን ካንየን ግድግዳው ወርቃማ የሆነ ጠባብ ገደል ነው፤ ደርሶ መልሱ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ። ነፋስ አይገባበትም፤ ግድግዳው እንደ ምጣድ ሙቀት ይመልሳል። ግማሽ መንገድ ላይ ራሴን ያመኝ ጀመር። ሆኖም አላላበኝም ብዬ ተጽናናሁ። ላቡ ግን እየወጣ ነበር፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቆዳ ላይ ሳይታይ ይተናል። የቀረው ሸሚዜ ላይ የተሰመረው ነጭ ጨው ብቻ ነበር፤ ያየችውም እሷ ናት።

«እንመለስ» አለች።

«ትንሽ ነው የቀረው። እኔ እኮ የድሬ ልጅ ነኝ።»

ጥላ ያለበት ድንጋይ ሥር ቁጭ አለች። «እኔ ወደ ላይ አንድ እርምጃ አልሄድም። ለእናትህ ደውዬ ምን ልበላቸው?»

ማቅለሽለሹ ሲጨመርበት ተመለስን። ውሃ አልጎደለብኝም፤ ከማለዳ ጀምሮ ሁለት ሊትር ጠጥቻለሁ። እህል ግን አልቀመስኩም። ከላብ ጋር የሚወጣው ጨው ካልተተካ፣ ብዙ ውሃ ብቻውን የደምን ጨው ያሳንሳል፤ ይህም ራሱ ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ በቀን ለአንድ ሰው ቢያንስ አራት ሊትር ውሃ ሲያዝ ጨው ያለው ምግብም አብሮ ይያዛል። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ጨው የነሰነሰችበትን ቆሎ አስቆረጠመችኝ።

እርዳታ ይመጣል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። በአብዛኛው የፓርኩ ክፍል ሞባይል አይሠራም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ሙቀቱ 53 ዲግሪ በደረሰበት ቀን አንድ የሞተር ሳይክል ተጓዥ ሕይወቱ ሲያልፍ፣ የአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ሊደርስ አልቻለም። ትኩስ አየር ስስ ነው፤ ሄሊኮፕተሩን በበቂ አያነሳውም።

ከሰዓት በኋላ ድንኳናችንን ነቅለን በዚያው ፓርክ ውስጥ ወዳለው ዋይልድሮዝ ወጣን። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ ከ5 እስከ 9 ዲግሪ ይቀንሳል። ማታ ጋቢ ደረብን። ካርታው ላይ የቦታውን ከፍታ ፈልጌ አነበብኩላት፤ 1,250 ሜትር።

«በል እንኳን ደህና ገባህ» አለችኝ። «ይኸውልህ ድሬዳዋ።»