ከቤት ርቆ በቤት ፕሪንተር ሰነድ ማተም፦ አዘገጃጀቱና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በርካታ አገልግሎቶች በበይነ መረብ መሰጠት ቢጀምሩም፣ የተሞላ ቅጽ፣ የክፍያ ደረሰኝ ወይም የመታወቂያ ቅጂ በወረቀት ታትሞ እንዲቀርብ የሚጠየቅባቸው ጉዳዮች አሁንም አሉ። ሰነዱ በአንድ ሰው ስልክ ላይ ሆኖ ጉዳዩን የሚያስፈጽመው የቤተሰብ አባል ሌላ ቦታ ሲገኝ፣ የተለመደው መፍትሔ ሰነዱን በቴሌግራም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ልኮ ማሳተም ነው። ይህ አሠራር ፈጣን ቢሆንም፣ የሰነዱ ቅጂ ባለቤቱ በማያዝበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ እንዲቀር ምክንያት ይሆናል። 12 አኃዝ ያለው የፋይዳ ልዩ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወይም የልደት ምስክር ወረቀት የያዘ ፋይል በማይታወቅ እጅ ሲገባ የሚያስከትለው ጉዳት ከአንድ ገጽ የኅትመት ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

በቤቱ ፕሪንተር ያለው ተገልጋይ ሰነዱን ከሥራ ቦታ፣ ከሌላ ከተማ ወይም ከውጭ አገር ልኮ እዚያው በቤቱ ማተም ይችላል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ የሚያገለግሉ ሁለት መንገዶችንና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

የርቀት ኅትመት እንዴት ይሠራል?

በርቀት ኅትመት ሰነዱ ከላኪው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ተነሥቶ በበይነ መረብ አማካይነት ወደ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ሰርቨር ይደርሳል፤ ከዚያም በቤት ውስጥ በርቶ ከኢንተርኔት ጋር ወደተገናኘው ፕሪንተር ይተላለፋል። በመካከል ያለው ይህ የሌላ አካል ሰርቨር በተለምዶ «ክላውድ» ይባላል።

እዚህ ላይ ሊታወስ የሚገባ ጉዳይ አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረውን «ጉግል ክላውድ ፕሪንት» የተሰኘ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 አቋርጧል። ስለሆነም ይህን አገልግሎት እንዲጠቀሙ የሚመሩ የቆዩ ማብራሪያዎች በአሁኑ ጊዜ አያገለግሉም።

አንደኛው መንገድ፦ ዋይ ፋይ ያለው ፕሪንተር

አንዳንድ የፕሪንተር አምራቾች የራሳቸው የርቀት ኅትመት አገልግሎት አላቸው። ለምሳሌ የኢፕሰን ኩባንያ «ኢፕሰን ኮኔክት» የተሰኘ አገልግሎት ያቀርባል። አገልግሎቱ በሁሉም ሞዴሎች ላይ ስለማይሠራ፣ አስቀድሞ የፕሪንተሩን መመሪያ መጽሐፍ ወይም የአምራቹን ድረ ገጽ መመልከት ያስፈልጋል። አዘገጃጀቱ እንደሚከተለው ነው።

1. ፕሪንተሩን ከቤቱ ዋይ ፋይ ጋር ያገናኙ።
2. የአምራቹን ሶፍትዌር ከራሱ ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ አውርደው በኮምፒውተሩ ላይ ይጫኑ።
3. በሶፍትዌሩ አማካይነት ፕሪንተሩን ያስመዝግቡ፤ በስምዎም የተጠቃሚ መለያ ይክፈቱ።
4. ምዝገባው ሲጠናቀቅ ለፕሪንተሩ የራሱ የኢሜይል አድራሻ ይሰጠዋል። ወደዚህ አድራሻ የተላከ አባሪ ፋይል በቀጥታ ይታተማል።
5. በተጠቃሚ መለያዎ ገብተው ማተም የሚፈቀድላቸውን የኢሜይል አድራሻዎች ይመዝግቡ፤ ከእነርሱ ውጭ የሚላክ መልእክት እንዳይታተምም ይከልክሉ።

አምስተኛው ተግባር መዘለል የለበትም። ካልተከናወነ የፕሪንተሩን አድራሻ ያወቀ ማንኛውም ሰው የፈለገውን ሊያትምበትና ወረቀትና ቀለም ሊያስጨርስ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ፦ በገመድ የሚሠራ ፕሪንተር

ፕሪንተሩ ከኮምፒውተሩ ጋር በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚገናኝ ከሆነ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። የቤቱን ኮምፒውተር ከርቀት በመክፈት የኅትመት ትእዛዙን ከዚያው መስጠት ይቻላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ ያለ ክፍያ የሚገኘው «ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ» ነው።

1. በቤቱ ኮምፒውተር ክሮምን ከፍተው በጉግል መለያዎ ይግቡ፤ የክሮም ሪሞት ዴስክቶፕን ሶፍትዌር ይጫኑ።
2. ለኮምፒውተሩ ስም ይስጡ፤ ቢያንስ 6 አኃዝ ያለው የምስጢር ቁጥር ይወስኑ። የትውልድ ዓመት፣ የስልክ ቁጥር ወይም ተከታታይ አኃዞች አይጠቀሙ።
3. ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ በራሱ ወደ እንቅልፍ ሁኔታ እንዳይገባ የኃይል አጠቃቀም ቅንብሩን ያስተካክሉ።
4. ለማተም ሲፈልጉ ሰነዱን ወደ ራስዎ ኢሜይል ይላኩ። በሌላ ቦታ ሆነው በዚያው የጉግል መለያ ይግቡ፤ የምስጢር ቁጥሩን አስገብተው የቤቱን ኮምፒውተር ይክፈቱ፤ ከዚያም ሰነዱን ከኢሜይሉ ላይ አውጥተው ያትሙ።

ይህ መንገድ ኅትመትን ብቻ ሳይሆን መላውን ኮምፒውተር ከርቀት የሚከፍት በመሆኑ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይሻል። የድርጅት ሠራተኛ ነኝ በማለት ስልክ ደውሎ የምስጢር ቁጥር ወይም የመግቢያ ኮድ ለሚጠይቅ ማንኛውም ሰው መስጠት አይገባም።

ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

በአንዳንድ ማብራሪያዎች ላይ የሚታየው የቤቱን ራውተር ከፍቶ ፕሪንተሩን በቀጥታ ለበይነ መረብ የማጋለጥ አሠራር አይመከርም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 አንድ ግለሰብ በዚህ መልክ ተጋልጠው ወደነበሩ 50,000 ገደማ ፕሪንተሮች ያልተጠየቀ መልእክት ልኮ ማሳተሙ ተዘግቧል። ከላይ የተገለጹት ሁለቱም መንገዶች ራውተሩን በዚህ መልክ መክፈት አያስፈልጋቸውም።

ከዚህ በተጨማሪ ለተጠቃሚ መለያው ጠንካራ የይለፍ ቃልና ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መጠቀም፣ የፕሪንተሩን ሶፍትዌር ማደስ፣ እንዲሁም ከኅትመት በኋላ በኢሜይልና በኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ፋይል ማጥፋት ያስፈልጋል። ፕሪንተሩን ለሌላ ሰው ከመሸጥ ወይም ከመስጠት በፊት ምዝገባውን መሰረዝ አይዘንጋ። የታተመው ወረቀት ሳይነሣ እንዳይቆይም በቤት ላለው ሰው ሰነዱ ከመላኩ በፊት መንገር ተገቢ ነው።

ኅትመቱ ሳይሳካ ሲቀር

በቅድሚያ መብራት መኖሩ፣ ፕሪንተሩ መብራቱ፣ ኢንተርኔቱ መሥራቱና ወረቀት መኖሩ ይረጋገጥ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ ቀድሞ በርቶ ፕሪንተሩ ሳይበራ ሊቀር ይችላል። ከዚህ ሳይረጋገጥ ሰነዱን ደጋግሞ መላክ ችግሩን አይፈታም፤ ግንኙነቱ ሲመለስ አንዱ ሰነድ ብዙ ጊዜ እንዲታተም ያደርጋል።

ቅጂና ዋና ሰነድ

በርቀት የታተመ ወረቀት ቅጂ ነው። ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት ዋና ሰነድ በሚጠየቅበት ጉዳይ የታተመው ቅጂ ዋናውን አይተካም። በመሆኑም ከመጓዝዎ በፊት አገልግሎቱን የሚሰጠው ተቋም ቅጂ የሚቀበል መሆኑን ይጠይቁ።

በቤታቸው ፕሪንተር የሌላቸው ተገልጋዮች ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ሲሄዱ ሰነዱን በፍላሽ ይዘው ቢቀርቡና ኅትመቱ እንዳለቀ ወደ ኮምፒውተሩ የተገለበጠው ፋይል በፊታቸው እንዲጠፋ ቢጠይቁ ይመረጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን የግል መረጃ የሚጠብቅ ሕግ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ጥበቃ ሰነዱ ከባለቤቱ እጅ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገው ጥንቃቄ ነው።