አዲስ ሞዴል መኪና እንዴት ያረጃል?

የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢገጣጠምና ቢቀባ፣ ሞዴል መኪና እንዳዲስ እያብረቀረቀ ከቆመ መጫወቻ መምሰሉ አይቀርም። እውነተኛውን መኪና ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ ጠጠር ይልጠዋል፣ ዘይት ይንጠባጠብበታል። ሞዴል ሠሪዎች ይህን ሁሉ በቀለም ያመጡና መሬቱም ሰዎቹም አብረው በተሠሩበት ትንሽ ትዕይንት ላይ፣ ማለትም በዲዮራማ ላይ፣ ያቆሙታል።

ለወታደራዊ ተሽከርካሪዎች በጣም የተለመደው ልኬት 1/35 ነው፤ በዓለም ያስፋፋውም የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ ነው። በዚህ ልኬት 1.75 ሜትር የሚረዝም ሰው 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስሌቱን ገልብጦ መሥራት ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል፤ ሞዴሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር የሆነች ጭረት እውነተኛው መኪና ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ናት! ብዙ ሞዴል የሚበላሸው ጭረትና ዝገት ሲበዛበት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ብሩሽ ከመያዝ በፊት መኪናው የት እንደዋለና ምን እንደደረሰበት ማወቅ ያስፈልጋል። በሰሜን አፍሪካ የዘመተውን የጀርመን ጦር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1941 መጀመሪያ ትሪፖሊ ወደብ ላይ ከወረዱት ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ለአውሮፓ የተመረጠውን ጥቁር ግራጫ ቀለም እንደተቀቡ ነበሩ። የአሸዋ መልክ ያለው ቀለም የተደረበባቸው በኋላ ነው። ስለዚህ የላይኛው ሲላጥ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ግራጫው ነው። ልጠቱ ወታደሩ በሚረግጠው ፓራፋንጎ፣ በበሩ እጀታ ዙሪያና በኮፈኑ ጠርዝ ላይ ይበዛል፤ እጅም እግርም በማይደርስበት ቦታ እምብዛም አይታይም።

ይህን ለማምጣት የተለመደው ዘዴ የፀጉር ስፕሬይ ነው። ግራጫው ተቀብቶ ሲደርቅ በቫርኒሽ ይሸፈናል። በላዩ ስፕሬዩ ይነፋል፤ ከዚያም በውሃ የሚቀጥን የአሸዋ መልክ አክሪሊክ በስሱ ይደረባል። አክሪሊኩ እንደደረቀ፣ ብዙ ሳይቆይ፣ ቦታውን በውሃ አርጥቦ ጠንከር ባለ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ ማድረግ ነው። ውሃው ስፕሬዩን ስለሚያሟሟው ከላይ ያለው ቀለም ብቻ እየተላጠ ይነሳል። ቀለሙ የምር ስለሚላጥ፣ በእጅ የሚሳል ነጠብጣብ ይህን ቅርጽ አይተካውም።

ከዚያ ሥራው እንደገና በቫርኒሽ ይሸፈናል። በአኳራጅ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም በብሎኖችና በመጋጠሚያዎች ዙሪያ ሲሰርግ ጥላና ቅባት ይመስላል፤ ቫርኒሹ ከሥር ያለውን ቀለም ከአኳራጁ ይጠብቀዋል። ዝገት በጭስ ማውጫው ላይ ቢወሰን ይበቃል። እዚያ ሙቀቱ ቀለሙን አቃጥሎ ብረቱን ያጋልጠዋል። ዝገቱ ግን ሁሉም ብርቱካናማ አይሁን፤ ጥቁር ቡናማው ይብዛና አዲስ በዛገበት ብቻ ይፍካ።

አቧራ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ መኪናውን ከመሬቱ ጋር የሚያስተሳስረውም እሱ ነው። በዱቄት መልክ የሚሸጠው ደረቅ ቀለም ጎማውና የመኪናው ታችኛ ክፍል ላይ ይበዛል፣ ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። መሬቱ ላይም ያው ዱቄት ይነስነስ። ቀይ አፈር ላይ ቆሞ ነጭ አቧራ የለበሰ መኪና፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀው እንኳ ይከነክነዋል። የዲዮራማው አፈር ሳይደርቅ ጎማውን ተጭኖ ትንሽ ማስመጥና ከኋላው ዱካ መተው ደግሞ መኪናው ክብደት እንዳለው ያሳምናል።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን የሠራቸው ዲዮራማዎች ከነአሠራራቸው በመመሪያ ወረቀት ታትመው ከሞኖግራም ኩባንያ ሞዴሎች ጋር ይሸጡ ነበር፤ ብዙ ሰው ሙያውን የለመደው ከእነሱ ነው። አቀማመጥን በተመለከተ እኔ የማጠብቀው ሁለት ነገር ነው። መኪናውን ከመደቡ ጠርዝ ጋር ትይዩ አያቁሙት፣ ዞር ያድርጉት። መደቡም ጠበብ ይበል፤ ባዶ ሜዳ ዓይንን ከመኪናው ያርቃል።

ሲያልቅ ግልጽ ክዳን ይደረግበት፤ ከቀጥተኛ ፀሐይም ይራቅ። ዱቄት ቀለም በጣት ሲነካ ይነሳል፤ የቤት አቧራ ካረፈበት በኋላም የተሠራውን ሳያነሱ ያረፈውን ብቻ መጥረግ አይቻልም።