የአእምሮ ሐኪም የት ይማር? በሆስፒታል ወይስ በሰፈር?

በዛሬው ዝግጅታችን ብዙ ቤተሰብ በሆዱ ይዞት ስለሚኖር ጉዳይ እንነጋገራለን። ስለ አእምሮ ሕመም፣ እንዲሁም ይህን ሕመም የሚያክሙ ሐኪሞች የት መማር እንደሚገባቸው ነው።

እስኪ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በምትገኘው ይጁቤ የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ወጣት ልጇ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል። ብቻውን ያወራል፤ ምግቤ ውስጥ መርዝ ተጨምሯል ይላል። እናት ጎረቤት እንዳይሰማ ጓዳ ታስቀምጠዋለች፤ ሲብስበትም እያለቀሰች ታስረዋለች። በቀድሞው ጊዜ ይህች እናት የአእምሮ ስፔሻሊስት ፍለጋ ብትነሳ፣ ከደብረ ማርቆስ የዓባይን በረሃ ተሻግራ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል መድረስ ነበረባት። አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበርና።

ሐኪሙስ ነበር ወይ? እ.ኤ.አ. በ2003 በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶች 11 ብቻ ነበሩ። ትምህርቱም የሚገኘው በውጭ አገር ነበር። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሥልጠናውን በአገር ቤት ጀመረ። ጠቅላላ ሐኪም የሆነ ሰው ሦስት ዓመት ተጨማሪ ይማራል፤ በሥልጠና ላይ ሳለም ሬዚደንት ይባላል። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተመርቀዋል። ደብረ ማርቆስም ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

ሆኖም የሐኪም ቁጥር መጨመር ብቻውን አይበቃም። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የተካሄደ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። አጥኚዎች ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን በየቤታቸው ጠይቀው፣ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ ሕመም ያለባቸው 321 ሰዎች አገኙ። ከእነዚህ መካከል ቀደም ሲል ለሕመሙ ዘመናዊ መድኃኒት ያገኙት ከአሥሩ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሌሎቹ የት ነበሩ? ቤታቸው! ሆስፒታል ተቀምጦ የሚጠብቅ ሐኪም አያያቸውም።

አድማጮቻችን! ሬዚደንቱ ወደ ሰፈር ወጥቶ ይማር የሚባለው ለዚህ ነው። ሆስፒታል ውስጥ በሽታውን፣ የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን ይማራል። ይህ መሠረት ነው። ሰፈር ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ያያል።

አንደኛ፣ መድኃኒቱ ለምን እንደተቋረጠ ያያል። ሆስፒታል ውስጥ "ታካሚው ቀረ" ተብሎ የሚጻፈው፣ ቤቱ ሲሄዱ የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣ፣ ወይም መድኃኒቱ ሰውነቱን አድርቆት ማጭድ መያዝ ያቃተው ሆኖ ይገኛል። ያኔ ሐኪሙ መጠኑን ማስተካከል፣ ወይም በየወሩ ገደማ በመርፌ የሚሰጠውን ማሰብ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ማስተማርን ይማራል። ስፔሻሊስት በየወረዳው ሊቀመጥ አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረው ፕሮግራም የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ያደርጋል። ይህ በጉራጌዋ ሶዶ ወረዳም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደ ጥናትም በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የታከሙ ከባድ ሕሙማን፣ ከዓመት በኋላ፣ በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከታከሙት ያነሰ ውጤት እንዳላገኙ አረጋግጧል። ግን እነዚህን ሠራተኞች ማን ያሠለጥናል? የከበደባቸውን ማን ይቀበላል? የሠለጠነው ሲዛወር ማን ይተካል? ይህ ሁሉ የስፔሻሊስቱ ሥራ ነው፤ በሥልጠናው ጊዜ ካልለመደው በኋላ ይቸግረዋል።

ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ ከእርሱ በፊት ወዴት እንደሄደ ያውቃል። ብዙዎቻችን ይህ ሕመም ሲመጣ ጂን ነው ብለን እንነሳለን። ቁርኣን ማስቀራቱን፣ ዱዓውን ማንም አይከለክልም። ለታማሚውም ለቤተሰቡም መጽናኛ ነው። ነገር ግን ሕክምናን መሻት በአላህ ላይ ከመመካት ጋር እንደማይጣላ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሰውን ማሰር፣ መግረፍና በጭስ ማፈን ግን ሩቅያ አይደለም። የሰፈሩን ኢማም አክብሮ ያነጋገረ ሐኪምና፣ ታማሚውን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክ ኢማም እጅ ለእጅ ከተያያዙ ብዙ ሰው ከእስር ይፈታል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1284 በካይሮ የተከፈተው የሱልጣን ቀላውን ሆስፒታል ለአእምሮ ሕሙማን የተለየ ክፍል ነበረው። ሙስሊሞች እነዚህን ሕሙማን ከሌላው ታማሚ እኩል ካከሙ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል።

ወንድሞችና እህቶች! ከእኛስ ምን ይጠበቃል? ታማሚ በቤታችን ካለ አንደብቀው። በመጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ ከአቅማቸው በላይ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ይልኩታል። ተሽሎታል ብለን መድኃኒቱን ሐኪም ሳናማክር አናቋርጥ። ሠልጣኝ ሐኪም በራችንን ሲያንኳኳ "ተማሪ ነው" ብለን አንመልሰው። እርሱ ከእኛ ቤት የሚማረው ነገር ነገ ለይጁቤዋ እናት ይደርሳል፣ ኢንሻ አላህ።

ለታመሙት አላህ ሺፋውን ይስጣቸው፤ ለአስታማሚዎችም ሰብሩን።