አጋም ፋራ አይደለም!

«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ይላል ያገራችን ሰው፡፡ እውነቱን ነው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የአጋም እሾህ ጎረቤቱን ቁልቋል ይወጋዋል፣ ቁልቋሉም ነጭ ወተቱን ያንጠባጥባል፡፡ ታዲያ እኛ የከተማ ልጆች ተረቱን ይዘን ፍሬውን ረሳነው፡፡ ያ ክፉ ጎረቤት የሚያፈራው ነገር እኮ ፀሐይ በበረታበት በበጋ ቀን ለሚበላ ሰላጣ ማለፊያ ነው!

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ሰላጣ ይሁን እንጂ ፍቅርንም ይነካካል፡፡ አንድ የማውቀው ልጅ አለ፡፡ ያደገው ገጠር ከብት ሲያግድ ነው፡፡ አሁን አዲስ አበባ ጥሩ ሥራ ይዟል፣ ቆንጆ ጓደኛም አለችው፡፡ አንድ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲሉ ልጆች አጋም በጣሳ ይዘው ብቅ አሉ፡፡ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለችው፡፡ «እንጃ!» አላት፡፡ ልጅነቱን ሙሉ እጁ በአጋም እሾህ ሲቧጨር የኖረ ሰው «እንጃ»! ፋራ እንዳይባል ነዋ፡፡

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፡፡ ግን ስለ መንደሩ ስትጠይቀውም «እንጃ»፣ ስለ እናቱ ስትጠይቀውም ወሬ ማስቀየር ሆነ፡፡ በቀደም ለት «እሷ እኮ የወደደችው እኔን አይደለም፤ ማን እንደሆንኩ አታውቅም» አለኝ፡፡ እኔ ያልኩት ይሄንን ነው፤ አጋሙን ገዝተህ ሰላጣውን በገዛ እጅህ ሥራላት፤ እየበላችሁ ከየት እንደመጣህ አጫውታት፡፡ በዚህ የምትሸሽ ከሆነ ዛሬ ብትሸሽ ይሻላል፤ ካልሸሸች ደግሞ ከሸክም ተገላገልክ፡፡

በሉ እንግዲህ፣ መጀመሪያ ፍሬዎቹን እንወቃቸው፡፡ አጋም ጥሬው አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ይቀላል፣ ሲበስል ጥቁር ወይን ጠጅ ይሆናል፡፡ ያልበሰለው ወተቱ ከንፈር ያጣብቃልና የምንፈልገው ጥቁሩን ነው፡፡ የጫካ እንጆሪ ደግሞ ሱቅ ከምናየው የእርሻ እንጆሪ ሌላ ነው፤ ትንንሽ ዶቃዎች ተሰብስበው የተጣበቁ ይመስላል፣ ቅርንጫፉም እሾሃም ነው፡፡ ኮሽም ሲበስል ቢጫ ወደ ብርቱካንማ ይላል፣ እንደ ሎሚ ይመጥጣል፡፡ ቀጋ የሐበሻ ጽጌረዳ ፍሬ ነው፡፡ ውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮ ስለሚቧጥጥ ተሰንጥቆ ፍሬውም ፀጉሩም ተጠርጎ ይወጣል፣ የሚበላው ሥጋው ብቻ ነው፡፡ ሁሉም ባንድ ወር አይደርሱም፣ ከቦታ ቦታም ይለያያሉ፤ ያገኛችሁትን ያዙ፡፡

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፡፡ መረንዝ የሚባል ቁጥቋጦ አለ፡፡ ፍሬው ሲበስል እንደ አጋም ይጠቁራል፣ እንደ አጋም ወተት አለው፣ አበባውም ነጭ ነው፡፡ ነገር ግን የፍላጻ መርዝ የሚሠራበት ተክል ነው፤ መርዙ የሚመታው ልብን ነው፡፡ መለያው እሾህ ነው፤ አጋም እሾህ አለው፣ መረንዝ የለውም፡፡ በየአጥሩ የሚያብበው የወፍ ቆሎም ሆነ እንዶድ ለሰላጣ አይሆንም፡፡ ስለዚህ ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆናችሁ አትልቀሙ፡፡ የተጠራጠራችሁትን «እስቲ ልቅመሰው» ማለት የለም፡፡ በስህተት የበላ ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ቅጠሉንና ፍሬውንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ይለየዋል፡፡

ወደ ማዕድ ቤት እንግባ፡፡ ለ4 ሰው የሚበቃ ነው፡፡

- 1 ራስ የሰላጣ ቅጠል
- 1 ብርጭቆ የበሰለ አጋም
- ግማሽ ብርጭቆ የጫካ እንጆሪ
- 1 የበሰለ አቮካዶ
- ግማሽ ቀይ ሽንኩርት
- 1 ቃሪያ
- 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ወይም የኮሽም ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ማር፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ

የሰላጣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገንጥላችሁ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፡፡ ከዚያ አቼቶ በገባበት ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፋችሁ እንደገና አለቅልቁት፡፡ አቼቶ ተአምር አይሠራም፤ ዋናው ማጠቡ ነው፡፡ ውሃው በደንብ ይንጠፍጠፍ፤ ውሃ የያዘ ቅጠል ቅመሙን አይቀበልም፡፡

አጋሙን አጥባችሁ ለሁለት ክፈሉት፤ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ፍሬዎች ይበላሉ፡፡ ነጭ ሸሚዝ ከለበሳችሁ ሽርጥ አድርጉ፣ ቀለሙ ይበክላል! እንጆሪው ስስ ስለሆነ ውሃ ብቻ አስነኩት፣ አትሹት፡፡ ሽንኩርቱን በስሱ ክተፉ፤ ቃሪያውን ፍሬውን አውጥታችሁ ክተፉ፡፡ ዘይቱን፣ ጭማቂውን፣ ማሩን፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬውን በጠርሙስ ከድናችሁ ናጡት፡፡ ቅጠሉን፣ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና አቮካዶውን በዚህ ለውሱና እንጆሪና አጋሙን ከላይ ነስንሱ፡፡ ቀድማችሁ ከለወሳችሁት ይጠወልጋል፤ እንግዳው ሲቀመጥ ይሁን፡፡ የጾም ነው፤ ፍስክ ሲሆን ትንሽ አይብ ጣል ብታደርጉበት አጋሙ ከአይቡ ጋር ይስማማል፡፡

ለቀማ የምትወጡ ልጆች ካላችሁ፣ አቧራና የመኪና ጭስ ከሚጠጣ የመንገድ ዳር ቁጥቋጦ ራቁ፡፡ ቅርንጫፍ አትስበሩ፤ ለወፎቹና ለእረኞቹም ተዉላቸው፡፡ ከልጆች የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ዋጋ አታስቀንሱ አቦ! የአንድ ማኪያቶ ዋጋ የማትከራከሩ ሰዎች፣ እጁ በእሾህ የተቧጨረን ልጅ በጣሳ አጋም አትከራከሩት፡፡ መልካም ምግብ!