ግማሽ ቀን ለእግር ጉዞ

 

አንዲት እናት ወደ ዝግጅታችን ደውለው «ልጆቼ ቅዳሜና እሑድ ከቴሌቪዥን ፊት አይነሱም። መዝናኛ ቦታ እንዳልወስዳቸው የአንድ ቀኑ ወጪ የሳምንት አስቤዛ ይሆንብኛል። ምን ላድርግ?» ሲሉ ጠይቀውን ነበር። የእኚህ እናት ጭንቀት የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት ነው። አልሐምዱ ሊላህ፣ አዲስ አበባ ከጀርባዋ ተራራ ያላት ከተማ ናት። ከቤት ወጥቶ በታክሲ ዋጋ ጫካ ውስጥ መግባት የሚቻልባት ከተማ ብዙ አይደለችም።

መልሳችን ወሬ ብቻ እንዳይሆን የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች ቤተሰቦቻችንን ይዘን ወደ እንጦጦ ወጣን። መንገዱን ለማያውቅ፣ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ይኬዳል፤ ከዚያ አስፋልቱ ሽቅብ ወደ ተራራው ይወስዳል። የአንዱ ባልደረባችን እናት ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል፤ ቤታቸውም ቦሌ አካባቢ ነው። እርሳቸውንም ከወጣቶቹ እኩል ከሽሮ ሜዳ በእግር አስጀመርናቸው። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ «ልቤ ድው ድው አለብኝ» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሁላችንም ደነገጥን። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የእንጦጦ ከፍተኛው ቦታ ግን ወደ 3200 ሜትር ይደርሳል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ልብም ጉድለቱን ለመሙላት በፍጥነት ትመታለች። ብርዱም ይጨምራል፤ ከታች ሸሚዝ የበቃው ሰው ላይ ሲደርስ ሹራብ ይፈልጋል። ስለዚህ አቅሙ ላልጠነከረ ሰው እስከ ላይ በመኪና ወጥቶ፣ ሜዳ ሜዳውን ከሸንተረሩ ላይ መሄድ ይሻላል። ለሌሎቻችን ልኩ ወሬ ነው። እየሄዱ መጨዋወት ከተቻለ እርምጃው ደህና ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተን ፈጥነናል ማለት ነው። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጫካው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ እንደሚናገረው ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እንጨት ላለቀባት አዲስ ከተማ የደረሰላት እርሱ ነው። ጥላው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ከሥሩ ብዙ ቡቃያ አይበቅልም፤ የረገፈው ደረቅ ቅጠሉም ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል። ልጆቻችን ይህን በመቀመጫቸው ነው የተማሩት! ከዚህ ጫካ ማገዶ ለቅመው፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ ሸክም ተሸክመው ወደ ከተማ በመውረድ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ብዙ ናቸው። በቀጭን መንገድ ላይ ሸክም የያዘ ሰው ካጋጠማችሁ መንገዱ የእርሱ ነው፤ ሰላምታ ሰጥቶ ጥግ መያዝ ይገባል።

አገር በቀሉን ዛፍ ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ በዚያው ተራራ አካባቢ ወደሚገኘው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሂድ። ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት አለው። ጽዱንም፣ ኮሶውንም፣ ወይራውንም ልጆች በዓይናቸው ቢያዩት መልካም ነው፤ በተለይ ወይራውን፣ አያቶቻቸው የወተት ዕቃ ያጠኑበት የነበረ ነውና። በ2013 እ.ኢ.አ. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም የተደላደለ መንገድ ስላለው ሕፃናት ላሏቸው ይመቻል።

ሸንተረሩ ላይ ስትቆሙ ለልጆቻችሁ አንድ ነገር አሳዩአቸው። ወደ ደቡብ፣ ወደ ከተማው በኩል የወረደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ከጥቂት እርምጃ ወዲያ፣ ወደ ሱሉልታ በኩል የወረደው ደግሞ በሙገር በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። አንደኛው ልጃችን የያዘውን ውሃ ግማሹን ወዲህ ግማሹን ወዲያ አፈሰሰና የምንጠጣው አሳጣን!

ቂብላም እዚያ ላይ ለመለየት አያስቸግርም። መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ናት፤ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው ጥቂት ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ስንሰግድ ፊታችን ወደ እንጦጦ ነው። እንጦጦ ላይ ስንሰግድ ግን ከተማው በሙሉ፣ ከነጫጫታው፣ ከጀርባችን ይቀራል። ለውዱእ የሚሆነውን ውሃ ከሚጠጣው ለይታችሁ ያዙ፤ መስገጃም አትርሱ፤ መሬቱ እርጥብ ነው።

ከቤት የሚወጣው ማለዳ ነው። አንድ ሰዓት ላይ የጀመረ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ ተመልሶ ዙህርን ሰፈሩ ይደርስበታል። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከሰዓት በኋላም መብረቅ ስላለ በረዣዥም ዛፎች ሥር መጠለል አደጋ አለው። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ዋናውን መንገድ አትልቀቁ፤ ጅብም ስላለ መግሪብ ጫካ ውስጥ አያግኛችሁ።

መኪናና ሙሉ ቀን ያለው ደግሞ ከከተማው በስተምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለውን የመናገሻ ሱባ ደን ይመልከት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ጽድ እንደተተከለበት ይነገራል። ግዙፍ ጽድና ዝግባ፣ ዛፍ ለዛፍ የሚዘል ጉሬዛም አለው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ጠይቁ።

እኚያን እናት ሁለተኛ ጊዜ እስከ ሸንተረሩ በመኪና ወሰድናቸው። አንድ ሰዓት ያህል ሳይቀመጡ ሄዱ፤ እንዲያውም ልጆቹን «ምን ያንቀራፍፋችኋል?» እያሉ ሲቆጡ ሰማናቸው።